ጋሽ ዝገትና ባለ ዶሮ እግሩ መጥረቢያ

ዕቃ ከሚያውቅ ሰው ጋር ገበያ ከመውጣት ከጥርስ ሐኪም ጋር ምሳ መብላት ይሻላል። ሐኪሙ ቢያንስ አፍህን እያየ ዝም ይላል።

ይህን ዓይነት ሰው የማያውቅ የለም። ለየቤተሰቡ አንድ አንድ የታደለ ይመስለኛል። አንዱ ምንጣፍ ያውቃል፣ አንዱ ሰዓት ያውቃል፣ አንዱ ሐብሐብ በጣቱ አንኳኩቶ የውስጡን ይናገራል። ለእኔ የደረሰኝ መጥረቢያ የሚያውቅ ነው። ያውም አሮጌ መጥረቢያ። አዲሱንማ ማንም ያውቀዋል ይላሉ፤ ዋጋው ተለጥፎበት የለ!

ክቡርነታቸው የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ሠላሳ ዓመት መነጽር ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። የዕድሜ እኩዮቻቸው አበባ ሲኮተኩቱ እሳቸው በየቅዳሜው የአሮጌ ዕቃ ገበያ መዞር ጀመሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ገበያተኛው ጋሽ ዝገት ይላቸዋል፤ እህቴ የምትላቸውን እዚህ ብጽፈው ደግ አይደለም።

የጃኬታቸው ግራ ኪስ ውስጥ ጠመኔ አለ። ቀኙ ውስጥ ትንሽ ሞረድ። ደረታቸው ላይ ከመነጽር ቤቱ ይዘውት የወጡት አጉሊ መነጽር ተንጠልጥሏል። አንድ የዛገ መጥረቢያ እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ በቤታቸው ቁልፍ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ጤነኛ ነው፤ ዱብ ካለ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል። ቀጥሎ ጠመኔውን ዝገቱ ላይ ፈግፍገው በመዳፋቸው ሲጠርጉት፣ የቀጠቀጠው ሰው የመታው ማህተም ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ከዚያ ሞረዷ ስለቱን ትቀምሳለች። ከነከሰችው ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ከተንሸራተተች ክቡርነታቸው ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። በመጨረሻ ጀርባውን ገልብጠው ያዩታል። ጀርባው በመዶሻ ተደብድቦ ጠርዙ ከተዘረጋ፣ ለቅሶ ቤት የገቡ ያህል ከንፈራቸውን ይመጣሉ።

"ዝገት አይዋሽም" ይላሉ። ዝገት የማይዋሸውን ያህል ጋሼ ይዋሻሉ፤ እሱን እመለስበታለሁ።

አንድ ጊዜ ሐኪሞች ትርፍ አንጀቴን አውጥተውልኝ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ጋሼ ሊጠይቁኝ መጡ። እንደምን አደርክ የለ፣ እግዜር ይማርህ የለ! ሐኪሙ ስፌቴን ሊያይ ብርድ ልብሱን ሲገልጥ አጎንብሰው አዩና፣ "ዶክተር፣ የቆረጣችሁበት ቢላዋ በድንጋይ ነው የተሳለው ወይስ በኤሌክትሪክ ግራይንደር?" ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። በግራይንደር የተሳለ ስለት በሙቀቱ ሰማያዊ እየሆነ ጥንካሬውን እንደሚያጣ፣ ግራይንደር የነካውን መጥረቢያ መግዛት ሬሳ መግዛት እንደሆነ እዚያው አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው አስረዱት። አምልጦ ሄደ። እኔ ስፌት ስለነበረብኝ ማምለጥ አልቻልኩም።

አገዛዛቸውስ ብትሉ! ጋሼ የሚፈልጉትን ዕቃ በዓይናቸው አያዩትም። መጥረቢያው አጠገብ ያለውን ካውያ ያነሳሉ። ስለ ካውያው ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ፣ ይኮርፋሉ፣ ሄደው ይመለሳሉ፣ በመጨረሻ ይገዙትና፣ "እስቲ ይቺን ዝገት ምራቂ ጨምርልኝ" ይላሉ። በዚህ ጥበብ እህቴ ቤት አንድ ሐሙስ የቀራቸው ዘጠኝ ካውያዎች ተሰብስበዋል። አራት ክዳን የሌላቸው ማንቆርቆሪያዎችና አንድ የግራ እግር ቦቲ ጫማም አሉ። ገበያተኛው ደግሞ ከነቃባቸው ሰንብቷል። ባለፈው አንዱ ሻጭ ካውያ ሲያነሱ አይቶ ከሩቅ፣ "ጋሽ ዝገት አይድከሙ፣ መጥረቢያው ትናንት ተሸጧል!" አላቸው።

ሁለተኛው ጥበባቸው ማጣጣል ነው። "ይሄማ ለበር መደገፊያም አይሆን" የሚሏት ነገር አለቻቸው። ስድባቸውን የሰማ ፍቅራቸውን ይለካል። አንዱን መጥረቢያ "ቆርቆሮ" ካሉት ፈልገውታል ማለት ነው። "የሳርዲን ቆርቆሮ" ካሉት ግን ካልገዙት እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጋሼ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የፈለጉት አንድ መጥረቢያ ነበር። ሦስት ጣት ያላት የዶሮ እግር ማህተም የሚመታ አንድ ቀጥቃጭ ነበር አሉ፤ ስድስት ዓመት ብቻ ሠርቶ ሞተ። ከእሱ እጅ የወጣ መጥረቢያ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባላል። ጋሼ የማህተሙን ፎቶ ከአንድ አሮጌ መጽሔት ቀደው ቦርሳቸው ውስጥ፣ ከእህቴ ፎቶ ፊት አድርገው ይዘውታል። እኔ የዚህን ቀጥቃጭ ታሪክ ከራሴ አያት ታሪክ አብልጬ አውቀዋለሁ። አያቴን ማንም በየሳምንቱ አይተርክልኝማ!

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከገበያው ጥግ የመጨረሻው መደዳ ላይ ስንደርስ ጋሼ እግሬን ረገጡኝ። ምልክታችን ነው። "አጠገቡ ያለውን ዕቃ አንሳ" ማለት ነው። ቀና ስል አንዲት አሮጊት እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው የተነጠፈው አንሶላ ላይ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ የወንድ ካፖርትና አንድ መጥረቢያ አለ።

ጋሼ ጫማቸውን የሚያስሩ መስለው አጎነበሱና ጠመኔውን መጥረቢያው ላይ አሳረፉት። ጠረግ አደረጉት። ሦስት ጣት። የዶሮ እግር። 

"ሰዓቱ ስንት ነው እማማ?" አልኩ እኔ፣ እንደታዘዝኩት።

"አይሠራም ልጄ" አሉ እማማ። "መጥረቢያው ግን ይሠራል።"

በጋሼ የንግድ ዘመን እንዲህ ያለች እውነተኛ ሻጭ አጋጥማቸው አታውቅም። ዘዴያቸው ገና ሳይጀመር ተበላሸ። በድንጋጤ በቀጥታ ወደ ስድቡ ገቡ።

"ይሄ? ይሄማ ለበር መደገፊያም አይሆን! የሳርዲን ቆርቆሮ እኮ ነው እናቴ። ይሄን ገንዘብ አውጥቶ የገዛ ሰው ወይ ዓይኑ አያይም፣ ወይ ሻጩ ዘመዱ ነው። እንጨቱ ራሱ ይስቅበታል!"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ጋሼ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

ሌላ ሻጭ ቢሆን፣ "ቆርቆሮስ አንተ!" ብሎ ይመልስላቸው ነበር፤ ጨዋታው እንዲያ ነው። እማማ ግን አልተቆጡም። መጥረቢያውን አንስተው ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

"እኔም እንዲህ ነበር የምለው" አሉ ቀስ ብለው።

"ማንን?" አሉ ጋሼ።

"ባሌን። አናጢ ነበር። ግንድ ጠርቦ የጣሪያ ወራጅ ያወጣል። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት የሦስት ወር ገቢውን ይዞ ሄዶ ይሄን ገዝቶ መጣ። ልጅ ጫማ የለው፣ አንተ ብረት ትገዛለህ አልኩት። አርባ ዓመት በዚች ብረት ስንጨቃጨቅ ኖርን። ሲሞት እንኳ፣ 'በርካሽ እንዳትሸጪው፣ የሚያውቅ ሰው ይመጣል' አለኝ።" ጋሼን ከነአጉሊ መነጽራቸው ቀና ብለው አዩዋቸው። "ይኸው የሚያውቅ ሰው መጣ። ተታልሎ ነው የሞተው ማለት ነው፣ የኔ ሞኝ።"

ጋሼ ክው አሉ።

እማማ ወዲያ ማዶ ብረት በኪሎ የሚገዛውን ሰውዬ ጠሩት። ሚዛኑን አንጠልጥሎ መጣና መጥረቢያውን መንጠቆው ላይ ሰቀለው። ሁለት ኪሎ አይሞላም ብሎ፣ ሁለት ዳቦ የማይገዛ ዋጋ ተናገረ። እማማም፣ "ውሰደው፤ ቤት ሳየው ያበሳጨኛል" አሉት።

እንግዲህ ነገሩን አስቡት። የአሥራ አንድ ዓመት ሕልም ሚዛን ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሼ የአንዲት ዳቦ ዋጋ ጨምረው፣ "ለእኔ ይሁን" ቢሉ አለቀ፤ ማንም አያውቅም፣ ማንም አይከሳቸውም። እኔ፣ ኃጢአቴን ልናገርና፣ ጎናቸውን ነካ አድርጌ፣ "ይጨምሩና ይውሰዱት" ብዬ አንሾካሾክኩ። ሰይጣን ያን ቀን ሥራ አልነበረውም፤ እኔ ተክቼዋለሁ።

"አውርደው!" ብለው ጮኹ ጋሼ። ሰውዬው ደንግጦ ሚዛኑን ለቀቀው።

"ያንተ ነው እንዴ የምታዘው?" አሉ እማማ።

"እናቴ፣ ዋሽቻለሁ።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አዝነህልኝ ነው። አሮጊት ላጽናና ብለህ ነው። ተወው ልጄ፣ ምጽዋት አልፈልግም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ገበያውን ሁሉ በውሸት ሲያታልሉ የኖሩት ሰውዬ አንዲት እውነት የሚያምናቸው አጡ። ምን ያድርጉ? እዚያው አቧራው ላይ ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት።

"ይዩ" አሉ። "ይቺን ማህተም አሥራ አንድ ዓመት ፈልጌአታለሁ።" ፎቶውን አውጥተው አሳዩ። "ይዩ፣ ስለቱ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አለች። ጠንካራው ብረት ለስላሳው ውስጥ የተበየደበት ነው፤ ዛሬ እንዲህ የሚሠራ የለም።" ሞረዱ ስለቱ ላይ ተንሸራተተ። "ጀርባውን ይዩት። አርባ ዓመት ተሠርቶበት አንድ ጊዜ እንኳ በመዶሻ አልተመታም! በግራይንደር አልተነካም፣ በድንጋይ ብቻ ነው የተሳለው፣ ያውም በየቀኑ። እኔ መጽሐፍ አንብቤ ነው ይሄን ያወቅኩት። ባልዎ ግን በእጃቸው ያውቁት ነበር።"

ሰው ተሰበሰበ። ካውያ ሻጩም መጣ። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የደበቁትን ሚስጥር በነጻ እየዘረገፉ ነው፤ ከእንግዲህ በዚያ ገበያ መጥረቢያ በርካሽ እንደማያገኙ እኔም እሳቸውም አውቀናል።

"ባልዎ ግራኝ ነበሩ?" አሉ ድንገት።

"ማን ነገረህ?" አሉ እማማ።

"እጀታው። ይቺ የተበላችው ቦታ የግራ አውራ ጣት ያረፈባት ናት።"

እማማ የራሳቸውን አውራ ጣት ጎድጓዳዋ ውስጥ ከተቱት። ሰፋቸው። እኔ ሰዓቱን ታቅፌ ወደ ሰማይ አየሁ።

"አንተስ ፈልጠህ ታውቃለህ?" አሉ በኋላ።

"በንድፈ ሐሳብ ደረጃ" አሉ ጋሼ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ እማማም ሳቁ።

"ዋጋው ታዲያ ስንት ነው?" አሉ እማማ።

ጋሼ እውነተኛውን ዋጋ ተናገሩ። በኪሳቸው ያለው ሩቡን አይሞላም። ሁለት ነጋዴዎች ጆሯቸውን ሲያቆሙ አየሁ። እማማ ግን መጥረቢያውን በካፖርቱ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አደረጉት።

"እንግዲያ አልሸጠውም።"

"አይሽጡት" አሉ ጋሼ። ወሽመጣቸው ቁርጥ ሲል በዓይኔ አየሁ፤ ግን ሁለተኛ ጊዜም፣ "በፍጹም አይሽጡት" አሉ። ይቺን ሁለተኛዋን ስሰማ ነው፣ እኚህን ልብ አውልቅ ሰውዬ ከወንድሜ አስበልጬ እንደምወዳቸው የገባኝ። ለእህቴ ግን እንዳትነግሩብኝ።

አውቶቡሳችን ጥጉ ላይ ብቅ ብሏል። ክንዳቸውን ይዤ ላነሳቸው ስል እማማ በሌላው በኩል እጅጌያቸውን ያዙ።

"ወዴት ነው?"

"ቤቴ፣ እናቴ። አስቸገርኩዎት።"

"ቁጭ በል! አርባ ዓመት ይሄን ሁሉ ሊያሳየኝ ሲጠራኝ፣ 'ድስት ጥጃለሁ፣ ተወኝ' እለው ነበር። አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።" ካፖርቱን እንደገና ፈቱት። "እስቲ ከመጀመሪያው ድገምልኝ።"

ጋሼን ሰው፣ "ይበቃዎታል" ሲላቸው እንጂ፣ "ይድገሙልኝ" ሲላቸው በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም አልሰሙ ኖሯል፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ብዙ ቆዩ። አውቶቡሱ አለፈ። እኔም ሰዓቱን አስቀምጬ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ስለ ቀጥቃጩ እንደ ልማዳቸው ሊያንደረድሩት ሲጀምሩ እማማ ጉልበታቸውን መታ አደረጓቸው።

"ቀስ እያልክ ልጄ፣ ቀስ እያልክ" አሉ። "ዛሬ የጣድኩት ነገር የለም።"