በስሜ የተሰረዘው የእንሰት ገጽ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ይህን ያሉ አባቶች ብልህ ነበሩ፤ ግን ሰውየው ገና ሳይሞት፣ በሶዶ ጭቃ ላይ ጫማውን እያቆሸሸ ሲሄድ፣ ስሙ ብቻውን ሌላ ቦታ ሄዶ ምን ሊሠራ እንደሚችል አልነገሩንም። አያውቁም ነበርና አልፈርድባቸውም። እኔም የማውቅ አይምሰላችሁ። የደረሰብኝን ነው የማወራችሁ፤ ስጨርስ የገባችሁ ካላችሁ ለእኔም ታስረዱኛላችሁ።

ሶዶ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚሁ አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ። ስድስት መምህራን ሆነን የወላይትኛን የእህል፣ የተክልና የዘመድ መጠሪያ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው የምናሰባስብበት ድረ ገጽ ከፈትን። ዊኪ ይሉታል። አባል የሆነ ሁሉ በስሙ ገብቶ የሚጽፍበት፣ ሌላው የጻፈውን የሚያርምበት፣ እንደ ዕድር ድንኳን የጋራ የሆነ ገጽ ማለት ነው። ማን ምን እንደለወጠ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ይህን መዝገብ መጀመሪያ ላይ በጣም ወድጄው ነበር። ፕሮግራሙን የጫነችልን የኮምፒውተር መምህርቷ ማርታ ናት፤ በዕድሜ ከሁላችንም ታንሳለች፣ በትዕግሥት ከሁላችንም ትበልጣለች።

ከገጾቹ ሁሉ ሰው የሚያነበው የእንሰቱን ነበር። የጻፉት ጋሽ ዳና ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የበዴሳ ሰው። ሟች ባለቤታቸው የትኛው እንሰት ለምን እንደሚሆን፣ የትኛው በሽታ እንደሚችል፣ መቼ እንደሚነቀልና መቼ እንደሚተከል ልቅም አድርገው የሚያውቁ ሴት ነበሩ። በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ እሳቸው ሲናገሩ ጋሽ ዳና አጠገባቸው ተቀምጠው በደብተር ጻፉ፤ በኋላም ወደ ገጹ አስገቡት። ደብተሩን ምስጥ በላው። የቀረው ገጹ ላይ ያለው ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ የአማርኛ መምህር ነኝ። በሽታችን ይታወቃል። ማዚያ ስለሚባለው የእንሰት ዓይነት «ማዚያ ጠንካራ ነች፤ በሽታ ይችላል» የሚል አገኘሁ። አንድ እንሰት በአንድ መስመር ውስጥ ሴትም ወንድም ሆኖ ሳየው አላስችል አለኝና አረምሁት። ጋሽ ዳና ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ እሷ ያለችው እንዲህ ነው፣ የሞተ ሰው አፍ አይታረምም አሉ። አፈርሁ፤ እንደነበረው መለስሁት። ስመልሰው ግን ፊቴ የደስተኛ ሰው ፊት አልነበረም፤ ይህን ደግሞ ሁሉም አይቷል።

በሳምንቱ የእንሰቱ ገጽ ጠፋ። በቦታው ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ቀረ። መዝገቡ ላይ የሰረዘው ሰው ስም ተጽፏል፦ ጌታቸው።

ጌታቸው እኔ ነኝ።

ማርታ ደውላ በቀስታ፣ መምህር ተሳስተው የነኩት ነገር አለ ወይ አለችኝ። ምንም አልነካሁም አልኋት። እሷም ገጹን ከቆየው ቅጂ መለሰችው። መመለሱን ላረጋግጥ ብዬ በስሜ ገብቼ ከፈትሁት፤ ዓይኔ እያየ ጠፋ። መዝገቡ፦ ጌታቸው። በድንጋጤ ራሴ መለስሁት፤ ደግሜ ከፈትሁ፤ ጠፋ። ጌታቸው። ለምሳ እስክንወጣ ድረስ አራት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። እሳት ለማጥፋት በሮጠ ቁጥር ኪሱ ውስጥ ክብሪት የሚገኝበት ሰው ሆንሁ።

መጠርጠር ጀመርሁ፤ ሌላ ሰው ሳይሆን ራሴን። ሳላውቀው በልቤ ቂም ይዤ፣ እጄ ያንን ቂም እየሠራ ይሆን? ባለቤቴን በእንቅልፌ ተነሥቼ እጽፍ እንደሆነ ጠየቅኋት። ታንኮራፋለህ እንጂ አትጽፍም አለች። ምስክርነቷ ብዙም አላጽናናኝም።

ወሬው ጋሽ ዳና ዘንድ የደረሰው እዚሁ ሶዶ፣ ኦቶና ሰፈር በምትኖረው ልጃቸው በኩል ነው። ቅዳሜ መናኸሪያ ከበዴሳ ሚኒባስ ሲወርዱ አገኘኋቸውና ጎንበስ አልሁ። አጠገቤ የቆመውን ሰው ሰላም አሉት። ከዚያ ያንኑ ሰው ደግመው ሰላም አሉት። እኔን አልፈውኝ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ማርታ ሦስት ቀን ስትፈትሽ ከረመችና ሁላችንንም ኮምፒውተር ክፍል ጠራችን። ጋሽ ዳና ከልጃቸው ጋር መጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እኔን በማያይ አቅጣጫ ተቀመጡ።

«አሁን የገባሁት በራሴ ስም ነው» አለች ማርታ። የእንሰቱን ገጽ ከፈተችና ሁለት እጆቿን አንሥታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። ጽሑፉ ለአፍታ ታየ። ጠፋ። መዝገቡ ላይ አዲስ ስም ወጣ፦ ማርታ።

ጋሽ ዳና ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብለው ስሙን አነበቡ። «አንቺም?» አሉ።

«እኔም ጋሼ።»

ከዚያ አስረዳችን። አንድ የማናውቀው አዲስ አባል ከእንሰቱ ፎቶ ሥር ጽሑፍ የሚመስል ትእዛዝ ጽፎ ሄዷል። ፕሮግራሙ ጽሑፍን እንደ ጽሑፍ ብቻ ማሳየት ሲገባው ትእዛዙን እንዳለ አሳልፎ ለከፈተው ሰው ኮምፒውተር ይሰጠዋል፤ ኮምፒውተሩም የገጹ የራሱ ትእዛዝ መስሎት በከፈተው ሰው ስም ይፈጽመዋል።

«ቸርች ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው አለ አይደል?» አለች። «ወረቀቱ ላይ ‹መብራት አጥፋ› የሚል ቢያገኝ ማንበብ ነው ያለበት። የእኛው ግን ማንበቡን ትቶ ሄዶ ያጠፋል።»

ጋሽ ዳና፣ ልጄ ስትከፍተው ለምን አልጠፋም ብለው ጠየቁ። አባል ስላልሆነች፣ የምታጠፋበት ስም ስለሌላት አለች ማርታ፤ ሌሎቹ አባላትም በእነዚያ ቀናት በስማቸው ገብተው አልከፈቱትም። ሰውየው ከበዴሳ እንሰት ጋር ምን ጠብ እንዳለው ጠየቁ። እሱን ማንም አያውቅም፤ ምናልባት እንሰት መሆኑንም አላወቀም። ማርታ አንገቷን ደፍታ ጨመረች፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስትል ሳትጭነው ቀርታለች። አሁን ጭናዋለች፣ ትእዛዙንም ነቅላ ጥላዋለች።

«የእሷ ቃል አለ?» አሉ ጋሽ ዳና።

ማርታ ገጹን መለሰችው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ልጃቸው በወረቀት አትማ ሰጠቻቸው፤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጌታቸው፣ እኔ ፈርጄብህ ነበር።»

እኔም በራሴ ላይ ፈርጄ ነበር ጋሼ አልኋቸው። እውነቴን ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ አዲስ አባል የጻፈው ሁሉ ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚመረምር ሰው ይሾም ተባለ። ጋሽ ዳና እጃቸውን አውጥተው እኔን ጠቆሙ። አንዱ ባልደረባችን፣ ገጹን አራት ጊዜ ያጠፋውን ሰው እንዴት ዘበኛ እናደርጋለን ብሎ ጠየቀ። «አሁን ከመንካቱ በፊት ይፈራል» አሉ። «የሚፈራ ሰው ይጠብቅልን።» ሁሉም እጁን አወጣ።

ይኸው ተቆጣጣሪ ነኝ። ጽሑፍ የቱ፣ ትእዛዝ የቱ እንደሆነ ማርታ ሁለት ጊዜ አስተምራኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ገብቶኛል፤ ቤቴ ስደርስ ይወጣል። ስለዚህ የተጠራጠርሁትን ወደ እሷ እልካለሁ፤ የምጠራጠረው ደግሞ ሁሉንም ነው። ትናንት የላክሁላት የጎመን አሠራር ነበር። «ክተፍ፣ ጨምር፣ አማስል» ይላል። ትእዛዝ መስሎኝ።