ሽማግሌ በጀርባ

ሚስት ለማግባት ከሁሉ የሚከብደው ምን ይመስላችኋል? ጥሎሽ የሚል አለ፣ አማት የሚል አለ። እኔ ግን ዳገት ነው እላለሁ። በተለይ ዳገቱ ጫካ ከሆነ፣ ወሩ ሐምሌ ከሆነ፣ ሽማግሌውም ሰባ ዓመት ካለፋቸው።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቢቸና አስተማሪ ነበርኩ፤ አገሬ ሩቅ፣ ዘመድ የለኝ። የአከራዬ የወንድም ልጅ የሻረግ ለበዓል እየመጣች ትሰነብት ነበር። እሷን ካየሁ ወዲህ ጠመኔዬን የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ መርሳት ጀመርኩ። አባቷ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ፣ ተራራ አናት ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እንግዲህ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸው ነው።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። በተቀጣጠርንበት ቅዳሜ ጧት ዝናቡ ወረደ። አንደኛው ወገቤን አሉ፣ ሁለተኛው ቤቴ ያፈሳል አሉ። ለሌላ ቀን እንዳልል፣ በማግሥቱ የአንድ የሞጣ ነጋዴ ሽማግሌዎች እሷኑ ሊጠይቁ እንደሚሄዱ አከራዬ ሹክ ብላኛለች። የቀሩልኝ የቅኔ መምህሩ የኔታ ብቻ ናቸው። ብቻቸውን እንዳልልካቸው ዓይናቸው ደክሟል። አብሬያቸው እንዳልሄድ፣ ጠያቂው ራሱ በልጅቷ አባት ደጅ መታየቱ ነውር ነው። ስለዚህ እስከ ጫካው ጫፍ ላደርሳቸውና ዛፍ ሥር ተደብቄ ልጠብቃቸው ተስማማን።

የኔታን የጫነችው በቅሎ ከተራራው ግርጌ ስትደርስ ሽቅብ አየችና አሻፈረኝ አለች። ከሦስታችን አስተዋይዋ እሷ ነበረች። አስረናት በእግር ቀጠልን። ጭቃው ሁለት እርምጃ ስወጣ አንዱን ይመልሰኛል። ከወይራው የሚንጠባጠበው ውሃ አንገቴ ውስጥ ይገባል። በስተቀኝ ገደል አለ፤ ጉም ስለሸፈነው ጥልቀቱ አይታይም፣ ይህ ደግሞ ለልቤ ይብሳል። ፈራሁ፣ ምን እዋሻችኋለሁ። የኔታ አንድ ነገር ቢሆኑ ለተማሪዎቻቸው ምን እላለሁ? በደህና ደርሰውስ አባትየው እምቢ ቢሉ? እሳቸው ግን አትስጋ ልጄ፣ ይህን ዳገት አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ ይሉኛል። ይህንኑ እያሉ ተንሸራተቱና ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ።

እንመለስ አልኳቸው። ለሽምግልና ወጥቶ ከመንገድ መመለስ ደግ አይደለም አሉና ጀርባዬ ላይ ወጡ። ሰው ሲያረጅ ይቀላል የሚል ሰው፣ ዝናብ ከጠጣ ካባቸው ጋር የኔታን ተሸክሞ አያውቅም። ስንት ጊዜ እንደተንበረከክሁ እኔና ተራራው እናውቃለን። ጫካው አለቀ፣ የምደበቅበት ዛፍም አብሮ አለቀ።

ከራሴ እስከ እግሬ ጭቃ ስለነበርኩ የወለደችኝ እናቴም አትለየኝም ነበር። አባትየው ወጥተው ግቡ፣ አረፍ በሉ አሉ። እኔ ጉልበቴን ላጥፍ ስል የኔታ ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት ይቀመጣል እንዴ? እናም ቆምን። ማለቴ እኔ ቆምኩ፣ እሳቸው ከላይ ሆነው ያወራሉ። ስለ አስተማሪው ትምህርት፣ ስለ ጨዋነቱ፣ ስለ ትዕግሥቱ ብዙ ተናገሩ። ሰው እየተመሰገነ ምነው ባጠረ ብሎ ሲጸልይ ያን ቀን በራሴ አየሁ። የሻረግ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እሷ ለይታኛለች ማለት ነው።

አባትየው አዳምጠው ሲያበቁ፣ እርስዎን አከብራለሁ የኔታ፣ ልጄን ግን ለጠመኔ ያዥ አልሰጥም አሉ።  ቀጥለው በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙና፣ አረጋዊ ተሸክሞ ይህን ዳገት ለወጣ ለእንደዚህ ያለው ቢሆን ኖሮ ባሰብኩበት ነበር አሉ። ለመሆኑ ይሄ ልጅ ሚስት አለው ወይ ብለው ጠየቁ።

የኔታ ዋሽተው አያውቁም። የለውም አሉ።

እንግዲያው እሱም እንደ ወጉ ሽማግሌ ይላክ፣ የሞጣዎቹን አቆያቸዋለሁ፣ የዛሬ ሳምንት እንነጋገር አሉ አባትየው። የኔታም ከጀርባዬ ላይ ሆነው፣ ለእሱም የምመጣው እኔው ነኝ ብለው ቃል ሰጡ። እንድቀመጥ የተፈቀደልኝ ከዚህ በኋላ ነው።

የኔታ እግራቸው የዳነው በወሩ ነው። በሳምንቱ በምን ተጭነው እንደሄዱ እናንተው ገምቱ፤ በቅሎዋ እንደሆነች ከግርጌው አላለፈችም።