ካሜራዬ መያዣ ስትመርጥ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ከመናገሬ በፊት፣ ስተኛ ጠረጴዛዬ ላይ ምን እንደነበረ ልናገር። ካሜራዬ ነበረች። ከጎኗ ሁለት ግሪፖች ነበሩ፤ ግሪፕ የምንለው ካሜራ ሥር የሚገጠም፣ ሁለት ባትሪ የሚጎርስ መያዣ ነው። የካሜራ ዕቃ የሚሸጠው ኑርየ «ሁለቱንም ውሰድና ሞክር፣ ያልፈለግከውን ከሠርጉ በኋላ ትመልሳለህ» ብሎ ከሱቁ የሰጠኝ ናቸው። አንደኛው የካሜራዋ ፋብሪካ የሠራው ነው፤ ይከብዳል። ሁለተኛው አስመስለው የሠሩት ነው፤ ይቀላል። ክፍሌ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ስለሆነ የጠረጴዛ መብራቱን እሱ ላይ ሰክቼ ሁለቱንም በየተራ ገጥሜ አየሁ። በመጀመሪያውና በካሜራዋ መካከል ወረቀት አይገባም። በሁለተኛው ግራ ጠርዝ በኩል የታናሽ እህቴ የትርንጎ የሠርግ ጥሪ ካርድ ገባ። ቀላሉ ግን እጄን አያደክምም። አልወሰንኩም።

ይህን ያህል መጠንቀቄ ያለ ምክንያት አልነበረም። በታላቅ እህቴ በአስካለ ሠርግ ቀን፣ አባታችን ሊመርቃት እጁን ሲያነሳ ቀለሙ የሚባለው ፎቶ አንሺ ባትሪ አለቀበት። አባባ በዚያው ዓመት ሞተ። የዚያ ምርቃት ፎቶ ማናችንም ዘንድ የለም። ቀለሙን ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም ብዬው አላውቅም። አሁን ትርንጎን የምትመርቃት እናታችን ናት፤ የማነሳው ደግሞ እኔ ነኝ።

በሕልሜ የኑርየ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጬ ነበር። ፎቶ አንሺዎች በሙሉ በላስቲክ ተጠቅልለን፣ መዳፋችንን ወደ ላይ ዘርግተን ተደርድረናል። ከኔ ቀጥሎ ያለው ቀለሙ ነበር።

«ጠጋ በል» አለኝ።

«ካንተ ጋር አልነጋገርም።»

«አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠን?»

በሩ ተከፈተና ካሜራዬ ገባች። ማንጠልጠያዋን እንደ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ኑርየ ብድግ ብሎ ወንበር ጠረገላት።

«ደህና መያዣ ፈልጌ ነበር» አለችው።

«ከባድ ይሁን ቀላል፣ እመቤቴ?»

«የማይጥለኝ።»

እኔን አንስቶ ሰጣት። ክንዴን አጠፈች፣ ዘረጋች። በክንዴና በጎኔ መካከል የጥሪ ካርድ ከተተች፤ ገባ። ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ አዙራ የጀርባዬን ክዳን ከፈተች።

«ባዶ ነው።»

ቀለሙንም ከፈተችው። እሱም ባዶ ነበር።

«ባዶማ ሁሉም ባዶ ነው» አለ ኑርየ። «መሙላት የወሳጁ ነው።»

«እኚያስ?»

መደርደሪያው ጫፍ ላይ አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ ተቀምጧል። በሕይወት ሳለ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ነበር የምንሞላለት። ካሜራዬ መዳፉ ላይ ወጥታ ቁጭ አለችና ጠበቀች። ምንም አልተነቃነቀችም።

«እኚህን እወስዳለሁ» አለች።

«አባባ!» ብዬ ተጣራሁ። ላስቲኩ ድምፄን ያዘው።

የሱቁ በር የሚያወጣው ወደ ግቢያችን ድንኳን ነበር። የሙሽራ መኪኖቹ ወንበር ይዘው ያጨበጭባሉ፤ ሚዜዎቹ ወገባቸው ላይ ሪባን ታስሮ፣ በአፋቸው ጥሩንባ እየነፉ ድንኳኑን ይዞራሉ። እንግዶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ የሚያለቅሰው ሽንኩርቱ ነው። ሽማግሌዎች ተሰልፈው የልጆችን ጉልበት ይስማሉ። አንድ ሕፃን ጡጦውን እንደያዘ አክስቱን «ውለጂ፣ ክበጂ» ይላታል።

ተራው ደረሰና አባቴ ፊቴ ተንበረከከ። ካሜራዋን በሁለት እጁ ወደ ላይ፣ በቁመቷ ይዟታል።

«አባባ ተነስ፣ ነውር ነው።»

«መርቀኝ፣ ይመር።»

«እኔ? አንተን?»

«ዛሬ የልጆች ተራ ነው። ቶሎ በል፣ ይህችን ሴትዮ ይዤ አልውልም።»

መዳፌን አነሳሁ። የምለውን በደንብ አውቀው ነበር።

«ዕድሜ ይ...»

ግንባሬ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ አለ። አፌ ተከፍቶ ቀረ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው «አሜን!» አለ። ጥቂት ጠብቀው ደግመው «አሜን!» አሉ።

«ጨርስለት እንጂ!» አለች ካሜራዬ።

ቀለሙ ከኋላዬ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ተዪው» አላት። «ያለውን ነው የሰጠው።»

አባቴ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ሳቀ። «ግድ የለም ልጄ፣ እንዲህም ሆኖ ፎቶው ይወጣል» አለና ጣቱን የካሜራዋ ማንሻ ቁልፍ ላይ አሳረፈ።

ሳይጫነው የክፍሌ በር ተደበደበ።

«ይመር! ሚዜዎቹ ደርሰዋል እኮ!» አስካለ ነበረች። «እማዬ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፣ የምንጠብቀው አንተን ብቻ ነው!»

«መጣሁ!»

ነግቷል። የጠረጴዛው መብራት እንደበራ ነው። ማመንታት ሳያስፈልገኝ ከባዱን ግሪፕ አነሳሁ። ክዳኑን ከፍቼ ባትሪዎቹን ከቻርጀሩ ላወጣ እጄን ዘረጋሁ። የቻርጀሩ ገመድ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ግሪፖቹን ለማየት መብራቱን ስሰካ የነቀልኩት እሱን ነበር።

ውጭ እልልታው ተጀመረ። ባትሪዎቹን አጉርሼ ግሪፑን ገጠምኩት፤ ወረቀት አያስገባም። ካሜራዋን አበራኋት። አንደኛው ባትሪ ዘጠኝ በመቶ፣ ሁለተኛው አራት በመቶ ይላል።