የበረዶው በረኛ

ከዚህ በታች ከምነግራችሁ አንዲት ቃል እንኳ ሐሰት ብትገኝ ዕድሜዬ ይጠር። «የቀረህ ዕድሜ ስንት ነውና ትምልበታለህ?» የምትሉ ምላሰኞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተሳስታችኋል። ብዙ ያለው ሰው ይበትናል፤ የሚሰስተው ጥቂት የቀረው ነው። ስለዚህ መሐላዬን እንደ ትልቅ መሐላ ቁጠሩልኝ።

እኛ ሐበሾች ፈጥረን ዓለም ሳያመሰግነን ከቀረባቸው ነገሮች አንዱ ደጅ ጥናት ነው። ከጌታ ቤት ደጃፍ ቆሞ መዋል፤ ሲወጣ እጅ መንሳት፣ ሲገባ እጅ መንሳት፤ «ዛሬስ አይቶኝ ይሆን?» እያሉ ማደር። አያቶቻችን በዚህ ሙያ ሹመት አግኝተውበታል፣ ርስት አስመልሰውበታል፤ የሚበዙት ግን ሪህ ብቻ ይዘው ወደየአገራቸው ተመልሰዋል። ሙያው ከነጌቶቹ የጠፋ ይመስለኝ ነበር። ለካ አልጠፋም። ስዊዘርላንድ ገብቶ፣ የራስ ቁር ደፍቶ፣ ስለት ያለው ጫማ ተጫምቶ፣ በወር ደሞዝ ሲሠራበት በዓይኔ አይቻለሁ። በዓይኔ ነው ያልኋችሁ፤ ይህችን ቃል ያዙልኝ።

መጀመሪያ አስናቀችን ላስተዋውቃችሁ። ጄኔቫ፣ ቶኔ በሚባለው ሰፈር የአንድ ፎቅ ጎረቤቴ ናት። ሥራዋ ግን ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ግራንድ ሳኮኔ ካለ ዲፕሎማት ቤት ነው፤ ታበስላለች፣ ቤት ትይዛለች። ጴንጤ ናት፤ ያውም ከሚዘምሩት ብቻ ሳይሆን ከሚያደርጉት ወገን። ውሸት የሚባል ነገር ካፏ አይወጣም። አንድ ጊዜ ስልክ ጮኸና እመቤቲቱ «የለችም በይ» ስትል በእጇ ምልክት ሰጠቻት። አስናቀች ስልኩን አነሣች፤ በዚያ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዋም «ማዳም አለች፤ ግን የለችም በይ ብላኛለች» አለች። ደዋዩ አምባሳደር ነበር። የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት እስከ ዛሬ ተጠግኖ አላበቃም ይባላል። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፤ ወሬ ሳላሳምር አላድርም። እግዜር ሁለታችንን ጎረቤት ያደረገን አማካዩን ሊያወጣ ፈልጎ ይመስለኛል።

የአስናቀች አባት አዲስ አበባ፣ የአንድ ፈረንጅ ቪላ ዘበኛ ነበሩ። የመኪና ጥሩንባ በሰሙ ቁጥር ከእንቅልፋቸው፣ ከጸሎታቸው፣ ከማዕዳቸው ተነሥተው በር የሚከፍቱ። ጉርሻ አፋቸው ሊደርስ ሲል ጥሩንባው ተነፍቶ፣ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሰው ሲነሡ ልጅቱ አይታለች። እዚያው ማለች፤ «እኔ ልጅ ብወልድ ለሰው በር አይከፍትም!» ስደቱም፣ የሰው ወጥ ቤቱም፣ ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ ለዚህች መሐላ ነው።

ወለደችም። ልጁን በረከት አለችው። አባቱ ቀድሞ ሄዷል፤ ሲሄድ በሩን እንኳ አልዘጋም። እናት ሥራ ስትውል ልጅ የሚውለው እኔ ጋ ሆነ። ከፎቁ ግቢ ዛፍ ቆልመም ያለች የገና ዱላ ቆርጬለት፣ እኔ ሩሩን ስለጋ እሱ ሲመክት፣ የጎረቤቶቻችንን መስኮት ሁሉ አንድ በአንድ አወረድነው። (አንድ መስኮት ነው። ግን ትልቅ መስኮት ነው።) አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጣ። «ጋሼ! ጋሼ! ጨዋታችንን በረዶ ላይ ወስደውታል!» ሄጄ ባይ እውነቱን ነው። ዱላው ያው፣ ግፊያው ያው፣ ጥርስ ማርገፉም ያው ነው። ሩሯ ብቻ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ሆናለች፤ የበረዶ ሆኪ ይሉታል። አንድ ነገር ግን ረስተው መጥተዋል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን። የነሱ ጌቶች ይቆጣሉ።

ልጁ አደገና የጄኔቫው ቡድን በረኛ አድርጎ አስፈረመው። በረከት፣ የበረዶ በረኛ! እናት በደስታ አበደች። እኔ እንኳ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ነገር ግን እነ አስናቀች ከአምልኮ በኋላ የሚያቀርቡት ምሳ ሃይማኖት ስለማይለይ እሑድ እሑድ አልቀርም። አንድ እሑድ አስናቀች ተነሥታ መሰከረች።

«ጌታ ይመስገን! ልጄ በረኛ ሆነልኝ!»

ከኋላ ወንበር እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ባልቴት ከንፈራቸውን መጠጡ። «ውይ! ያን ያህል ተምሮ? የሆቴል ነው የባንክ?»

«የለም እትዬ፣ የኳስ በረኛ ነው!»

«ኳስ ሜዳ ደግሞ የምን በር አለው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ዘነቡ ትክክለኛውን ጥያቄ እንደጠየቁ የገባኝ ብርዱ ከገባ በኋላ ነው።

የቡድኑን ስም አልጠራም፤ ወድቆ የተኛን በስሙ አይጠሩም። ያን ዓመት ተሸነፈ። ግን እንዴት ያለ መሸነፍ! በቤቱ ተሸነፈ፣ ሰው ቤት ሄዶ ተሸነፈ። በመጨረሻው ቡድን ተሸነፈ፤ የመጨረሻው ቡድን እኛው ስንሆን ደግሞ በማን እንደምንሸነፍ ግራ ገባን። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይባላል፤ ከኛ ደጃፍ ደን ተጨፈጨፈ። ትራም ውስጥ የቡድኑን ሻርፕ ያሰረ ሰው ሲገባ ወጣቶቹ እንደ ሐዘንተኛ ወንበር ይለቁለት ጀመር። ለሽምግልናዬ ያልተለቀቀልኝ ወንበር ለሻርፔ ተለቀቀልኝ።

በረከትስ? በረከት ሁለተኛ በረኛ ነው። ሁለተኛ በረኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ። ተጫዋቾቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚደክማቸው እየተፈራረቁ ይገባሉ ይወጣሉ። መቀመጫቸው በአጥር የተከለለ ነው፤ አጥሩ ትንሽ በር አለው፤ በሩ ራሱን አይከፍትም። ታዲያ በዚያች በር ጥግ ተቀምጦ፣ አንዱ ተንሸራቶ በመጣ ቁጥር ተነሥቶ የሚከፍተው፣ ሲያልፍ የሚዘጋው፣ ሳይጫወት የሚውለው ሁለተኛው በረኛ ነው። ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ዓይኔን አሸሁ። በረከት ከፈተ። በረከት ዘጋ። ሦስት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ከፈተ፣ ዘጋ።

እናቱ ሄዳ አታውቅም። «ልጄ ላይ ጎማ ሲወረወር አላይም» ትላለች። የዚያን ዕለት ግን ደረጃው ላይ ጠብቃኝ፣ «ጋሼ፣ እንዴት ሆነልኝ?» አለችኝ።

«አስናቀች፣ ያለ በረከት ፈቃድ አንድ ሰው አይገባም፤ አንድ ሰው አይወጣም!»

ቃል በቃል እውነት ነው። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ ዋሽቼ አላውቅም።

ዓመቱ ሊገባደድ ሲል ልጁ ቤቴ መጣና ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ኮንትራቴ ከዚህ ዓመት ጋር ያልቃል። አሠልጣኙ በረዶው ላይ አንድ ቀን እንኳ ካላየኝ፣ ሴ ፊኒ። በቃ።»

«አጠገቡ አይደል የምትቀመጠው? አያይህም?»

«ያየኛል» አለ። «በር ስከፍት።»

የቀረው አንድ ጨዋታ ነበር፤ ዙሪክ ላይ፣ በዙሪኮች ሜዳ። ለቡድኑ ምንም የማይለውጥ ጨዋታ፤ ለአንድ ልጅ ግን ያለው ሁሉ። ይህን ለእናቱ ነገርኋት። የበሩን ነገር ግን ዋጥ አደረግሁ። አስናቀች እመቤቷን ፈቃድ ጠየቀች። «ለምን ጉዳይ?» ብትላት፣ «ልጄ ሲሸነፍ ላየው» አለቻት። ማዳም ከስልኩ ቀን ወዲህ የሷን እውነት ትፈራለች፤ ቶሎ ፈቀደችላት።

ዙሪክ ስንወርድ ብርዱ ቃል ካፍ ሳይወጣ በረዶ የሚያደርግ ነበር፤ ሰው «ግሩዌትሲ» ብሎ ሰላም ሲል ሰላምታው ወድቆ ሲሰበር ይሰማ ነበር። ሻርፔን አውልቄ አንገቷ ላይ ጠመጠምሁላት። ከላይኛው ረድፍ ተቀመጥን።

«የታለ?» አለችኝ።

ወደ ጣሪያው እያየሁ፣ «እዚያ… በዚያ በኩል» አልኋት። እናት ግን ጠቋሚ አትፈልግም። አገኘችው። በዚያችው ቅጽበት አንዱ ተንሸራቶ መጣ፤ በረከት ተነሣ፣ ከፈተ፣ አሳለፈ፣ ዘጋ። ሌላው መጣ። ከፈተ፣ ዘጋ። አስናቀች ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል አየች።

«አባባም እንዲህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «መኪናው ካለፈ በኋላ ቀስ አድርጎ ነው የሚዘጋው። እንዳይጮህ።»

«ስሚኝማ አስናቀች፣ ይሄ እኮ ለጊዜው…»

«ይተዉት ጋሼ። ጥሩ አድርጎ ነው የሚከፍተው።»

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የኛ ቡድን እንደ ልማዱ ፈራረሰ። አንደኛው በረኛ ላይ ጎማው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደበት። አሠልጣኙ እንደ ድሮ ደጃዝማች በጣቱ ብቻ ጠቆመ፤ በረከት ላይ። የዓመት ደጅ ጥናት በአንድ ጣት ተፈጸመ! ልጁ ተነሣ። ለሌላው ሁሉ ሲከፍት ለከረመ ልጅ ግን የሚከፍትለት ሰው አልነበረም። በሩን ለራሱ ከፈተ፤ ወጣ፤ ዘወር ብሎም ዘጋው። ከልማድ።

ይህን ጊዜ አስናቀች ሻርፑን እስከ ግንባሯ ስባ ፊቷን ሸፈነች። «ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ወዲያው ዙሪኮች ተነሥተው ጮኹ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

«ምን ሆነ?»

«ያዘው!»

«ታዲያ ምን ያስጮኻቸዋል?»

«አድንቀውት ነዋ!»

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጩኸት፤ ከበሮው፣ ጥሩንባው።

«አሁንስ?»

«አሁንም ያዘው! እንደ ነብር ዘልሎ!»

ደግሞ ጮኹ። ደግሞ። ከሻርፑ ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ፤ «የዙሪክ ሰው እንዴት ያለ ደግ ነው! ለባላጋራ በረኛ እንዲህ ይጮኻል?»

«ደጎች ናቸው» የሚል መልስ ተሰጠ። «በጣም ደጎች ናቸው።»

ስንት እንደገባበት አልነግራችሁም።

ሲያልቅ የቡድኑ አውቶቡስ አጠገብ ጠበቅነው። ሙክት የሚያህል ሻንጣውን እየጎተተ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ማማ፣ አየሽ?»

«አየሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እኔ ደነገጥሁ። ያች ስልክ ላይ እንኳ የማትዋሽ ሴት፣ በሻርፕ ተጠቅልላ ውላ፣ ሁሉንም አየሁ ትላለች! ልጁ አንገቷ ሥር ገባ። «ገባብኝ፣ ማማ። ብዙ ገባብኝ።» እሷም ጀርባውን እየመታች፣ «አንተ ምን ታደርግ? እነሱ ክፍት ትተውብህ ሄዱ» አለችው። በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤው መሀል ተነሥታ፣ «ዋሽቻለሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ» ብላ ተቀመጠች። ምን እንደዋሸች አልተናገረችም፤ እትዬ ዘነቡ እንኳ አልጠየቁም።

ኮንትራቱ አልታደሰም። ቡድኑ አዲስ በረኛ ገዛ፤ አዲስ አሠልጣኝም ገዛ። በረከት ዛሬ ዙሪክ አጠገብ፣ ቪንተርቱር በምትባል ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ይገፋል፤ ከክፍል ወደ ምርመራ፣ ከምርመራ ወደ ክፍል። ደወልሁለት።

«ሥራው እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው ጋሼ። እዚህ በሮቹ ራሳቸው ናቸው የሚከፈቱት።»

ስቆ ይሁን አዝኖ በስልክ አይለይም። የእናቱ መሐላ ግን ደረሰ እንበል።

እንግዲህ ጨረስሁ። በዕድሜዬ ስለማልሁና ዕድሜዬም ስለሚያሳሳኝ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬ ማስገባቴን ላስታውቃችሁ። የሻርፑን ነገር ነው። ሻርፑ ከአንገቴ አልወረደም። ልጁ በሩን ዘግቶ ወደ መሀል ሲሄድ ሻርፑን እስከ ግንባሬ ሳብሁት፤ በዓይኔ አየሁ ያልኋችሁም እስከዚያች በር ድረስ ነው። ጠያቂው እኔ ነበርሁ። «ያዘው ጋሼ፤ አድንቀውት ነው ጋሼ» እያለች የመለሰችልኝ አስናቀች ናት፤ ዓይኗን ሳትከድን፣ እያንዳንዷን ስትገባ እያየች። ለልጇ የነገረችው እውነት ነው። እሑድ ንስሐ የገባችበት ውሸት ለኔ የዋሸችው ነው፤ የኔ ድርሻ።

ድርሻዬን እስከ ዛሬም አልመለስሁላትም። በዚያ ሻርፕ ውስጥ፣ በረከት ላይ አንድም አልገባበትም።