ታደመ ለቺፗ የጻፈላት

አንባቢዬ፣ ሥራው አምሮ ሳለ ከእርሱ በቀር ማንም እጁን የማያስገባበት ባለሙያ ገጥሞህ ያውቃል? እኔ ጂንካ ላይ ገጥሞኛል። ታደመ ይባላል፤ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል።

ጫጩት ሸጣ ለምትኖረው ጎረቤቴ ለአዳነች እንቁላል የሚፈለፍል ሣጥን ሠራላት። የሣጥኑን ሙቀት የምትጠብቀው ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ ናት። ትእዛዝ የሚጻፍላት በሁለት ዓይነት ቋንቋ ነው አሉኝ። አሴምብሊ የቺፗ የራሷ አፍ ነው። ሲ የሚሉትን ብዙ ባለሙያ ያውቀዋል፤ ግን ብዙ ቋንቋ እንደሚሰማበት እንደ ካኮ ገበያ አስተርጓሚ ለራሱም መቀመጫ ይፈልጋል፤ የቺፗን ጠባብ ቦታ ይሻማል።

«በሲ ጻፈው። አንተ ብትሄድ ሌላ ሰው ያነበዋል» አለችው የኮሌጅ መምህሯ ማርታ።

«እህቴ፣ ሲ ሆዱ ሰፊ ነው፤ እዚህች ውስጥ አይገባም። ደግሞስ የት እሄዳለሁ?» አላት።

በአሴምብሊ ጻፈው፤ ሣጥኑም ደህና አድርጎ ሠራ። ታደመ ግን ኦሞራቴ ሥራ አግኝቶ ሄደ።

ኋላ የሙቀት መለኪያው ተበላሸና ሌላ ዓይነት ተገዛ። ትእዛዙም አብሮ መስተካከል ነበረበት። ማርታ የታደመን ጽሑፍ ብታየው አንዱንም መስመር መረዳት አቃታት። እኔ ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ምን ብዬ እንደጻፍኩት ለእኔም ጠፋኝ» አለኝ። የአዳነች እንቁላሎች ግን በዚያው ቀዝቅዘው ቀሩ።

ማርታ በሲ እንደ አዲስ ጻፈችው። የቺፗ ቦታ እንዲበቃት ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳየውን ክፍል ተወችው። አሁን አዳነች ክዳኑን ከፍታ አንዱን እንቁላል ጉንጯ ላይ ታስጠጋለች፤ ሙቀቱን ጥቂት ታዳምጥና፣ «ደህና ናቸው» ትለናለች።