ለጽዳት ሠራተኛ የተጸዳ ቤት

ቤት ልታጸዳ ከተቀጠረች ሴት ምን ይጠበቃል? እኔ የምጠብቀው አቧራውን እንድታነሳ ብቻ ነው። እዚህ ቀራንዮ ያሉት ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ግን ምስክርነትም ይጠብቃሉ።

ልጃቸውን ሜሮንን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ የምታጸዳላቸው ዘነበች ደግሞ በሌላ ቀን አየር ጤና፣ ሜሮንን ሊያገባ ያሰበው ልጅ እናት ቤት ትሠራለች። እዚህ ያየችው ሁሉ እዚያ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ እትዬ አስካለ ዓርብ ዕለት ሶፋ ገፍተው ጠረጉ፤ ባኞ ቤቱንም በበረኪና ፈተጉት።

ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስገባ ወገባቸው ተይዞ ተጋድመዋል። ዘነበች መወልወያዋን ይዛ ቆማለች።

«እትዬ፣ ምኑን ላጽዳው?»

«አንቺ ዝም ብለሽ እይው።»

«እንግዲያው ወገብዎን ልሽልዎት።»

አሸቻቸው። አንባቢዬ፣ ከዚህ በላይ ምን አገልግሎት ይፈለጋል?

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ቀጠሮውን እንዳራዘሙ ተሰማ። እትዬ አስካለ ዘነበችን ያዟት።

«ስለ ቤታችን ምን ብለሽ አወራሽ?»

«መስታወት ነው አልኳቸው።»

«እሰይ። ከዚያስ?»

«ማን አጸዳው አሉኝ። እናትየው ናቸው፣ ወገባቸው እስኪያዝ አልኳቸው።»

«ስለ ሜሮን አልጠየቁሽም?»

«ጠይቀውኛል። እንደተኛች ነው የወጣሁት አልኳቸው።»

አሁን ዓርብ ዓርብ ቤቱን የሚነካው የለም። ቅዳሜ ጠዋት ዘነበች በሩን ስታንኳኳ ግን የምትከፍትላት ሜሮን ናት፤ መጥረጊያ ይዛ፣ ሻሽ አስራ።