ይሉኝታ የሌለው ኮምፒውተር

እኛ ጉድለትን ፊት ለፊት መናገር አይሆንልንም። ወጡ ጨው በዝቶበት «እጅሽ ይባረክ» ብለን አንድ ጆግ ውኃ እንጨርሳለን። እናንተም ብትሆኑ ፀጉር ቆራጩ ጉድ ሠርቷችሁ፣ መስታወቱን እያያችሁ «አሪፍ ነው» ብላችሁ የወጣችሁበት ቀን አይጠፋም። ይህ ለጉርብትና ይመቻል። ድረ ገጽ ለሚሠራ ሰው ግን መርዝ ነው።

እኔ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ቤቴል ላለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሕመምተኞች በስልክ ቀጠሮ የሚይዙበት ገጽ ሠራሁ፤ በገዛ ሰፈሬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ከያዙ ሦስት ሰዎች በቀር የተጠቀመበት የለም። ዶክተሩ «እስከ ዓርብ ካልተሻሻለ ወደ ደብተራችን እንመለሳለን» ሲሉኝ ክው አልኩ። እንግዳ ተቀባይዋን እትዬ ወርቅነሽን «ሰው ተቸግሮ ይሆን እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ ምንም አይል ልጄ፣ በጣም ቆንጆ ነው!»

እኔም ስሞክረው ይሠራል።

ረቡዕ ዕለት ከክሊኒኩ ዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አውጥቼ፣ አቧራውን አራግፌ ስህተት ተቆጣጣሪ ጫንኩበት። ገጹ በተሰናከለ ቁጥር ምን ተመርጦ እንደተሰናከለ ጽፎ የሚጮህ ፕሮግራም ነው። የሕመምተኛ ጉዳይ ከግቢ እንዳይወጣ ብዬ እዚያው እንግዳ መቀበያው ጥግ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ ጠዋት ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። እስከ ረፋዱ አላረፈም፤ የሚጽፈው ሁሉ ደግሞ የጠዋት ቀጠሮ ነው፦ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት። ለካ የእኛን ሰዓት ወደ ኮምፒውተሩ አቆጣጠር ስለውጥ ስድስት መደመር ሲገባኝ ቀንሻለሁ! ከሁለት ላይ ስድስት ሲነሳ ምን ይቀራል? ከስምንት ላይ ግን ሁለት ይተርፋል፤ በፈረንጅ አቆጣጠርም የከሰዓቱ ስምንት ሁለት ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት መነሳት ስለማልወድ ስሞክር ሁልጊዜ የምመርጠው የከሰዓቱን ስምንት ሰዓት ነበር።

አንዲት ምልክት ቀየርኩ። ዓርብ ዶክተሩ ሲገቡ የጠዋቱ ቀጠሮ ሞልቷል። ደብተሩን በገዛ እጃቸው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ከደስታዬ ብዛት ታክሲ እያለ እስከ አየር ጤና በእግሬ ሄድኩ።

እትዬ ወርቅነሽ ግን ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ጠዋት ጠዋት እንደማይሠራማ ሰው ሁሉ ነግሮኝ ነበር። ያን ያህል ደክመህበት በምን አፌ ልንገርህ?»

ሰኞ ኮምፒውተሩ ጸጥ አለ። ማክሰኞም ጸጥ። ደነገጥኩ፤ ከእትዬ ወርቅነሽ ጎን ውሎ ይሉኝታ ተጋብቶበት ይሆን? ሆን ብዬ ገጹን አሰናከልኩት። ግቢው እስኪሰማ ጮኸብኝ።

እንዲህ የሚጣፍጥ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።